የመስከረም «ጉንፋን»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአየር ጠባይ ዘገባችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ዝናቡንም ሙቀቱንም ትነግሩናላችሁ። እኔን የሚያሳምመኝ ነገር ግን እስካሁን አልተጻፈም።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ማበብ ሲጀምር የእኔም አፍንጫ ሥራ ይጀምራል። ጠዋት ስነሣ አሥር ጊዜ አስነጥሳለሁ። ዓይኔንም ላንቃዬንም ያሳክከኛል፤ ከአፍንጫዬ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል። «ይማርህ» የሚለኝ ጎረቤቴ እንኳ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ለዓመታት ጉንፋን ይመስለኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዳማከሴ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠን፣ ያልሞከርኩት የለም። አንዴ መድኃኒት ቤት ገብቼ ሕመሜን ስናገር አሞክሳሲሊን ተሰጠኝ። ጨርሼ ዋጥኩት። ማስነጠሱ እስከ ኅዳር አብሮኝ ቆየ።

በኋላ ያየኝ ሐኪም «ትኩሳት አለዎት?» አለኝ። የለኝም። «ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» አምስት ሳምንት። ሳቀ። ተራ ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይለቃል። የእኔው የአበባ ብናኝ አለርጂ ነው። አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ እዚህ ምን ሊሠራ!

ወዲያው የጠረጠርኩት አደይ አበባን ነበር። ያለ ስሟ ስም ሰጠኋት። የአደይን ብናኝ በዋናነት የሚያመላልሰው ንብ እንጂ ነፋስ አይደለም። ባለ ዕዳው ማንም አበባ ብሎ የማይጠራው ሣር ነው። ብናኙ ደቃቅ ስለሆነ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቀን ይብሳል፣ ደህና ዝናብ ሲጥል ታጥቦ ይወርዳል።

ጉዱ ቤቴም ገብቷል። ባለቤቴ ለመስቀል ሣር ጎዝጉዛ ቡና ስታፈላ ዓይኔ ያብጣል። አንድ ቀን ከጉዝጓዙ ያበበ ዘንግ መዝዤ ጥቁር ኮቴ ላይ መታ መታ አደረግሁት። የተነፋ የሽሮ ዱቄት የመሰለ ነገር ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ያላበበውን እየመረጠች ትጎዘጉዛለች፤ በዓሉም አልቀረ፣ እኔም ተነፈስኩ።

ለሌላው ሐኪሙ ያዘዘልኝን ሴትሪዚን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ማታ ማታ እወስዳለሁ። ከውጭ ስገባ ፊቴን ታጥቤ ልብስ እቀይራለሁ። የታጠበ ልብስ ሣር ላይ ማስጣትም ትተናል።

የኅዳር 12 ጭስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ትዝታ ስለሆነ ይቅር አልልም። ግን ፕላስቲኩን እንኳ ከቆሻሻው ብንለየው ምን አለበት? አስም ያለበት ጎረቤቴ በዚያ ቀን በር ዘግቶ ነው የሚውለው።

የብናኝ መለኪያ መሣሪያ አምጡልን አልልም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ከዝናቡ ዜና ሥር «ሣሩ አብቧል፣ ነገም ነፋስ ይበረታል» የምትል አንዲት መስመር ብትጨምሩ ይበቃኛል። መድኃኒት ቤቶችም አሞክሳሲሊኑን ከመደርደሪያ ከማንሣታቸው በፊት «ያሳክክዎታል?» ብለው ይጠይቁን።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ