ቅዳሜና እሁድ በእድራችን አዳራሽ፦ ለወጣት አስተማሪዎቻችን የድጋፍ ጥሪ

ውድ የደብረ ብርሃን ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወዳጆቻችን፤

የገና ሰሞን ነበር። በሰፈራችን እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ አንዲት እናት አርባ እንጀራ አስረክበው «በቴሌብር ገብቶልዎታል» ተባሉ። እውነትም ስልካቸው ላይ መልእክት ደርሷል። ማታ ልጃቸው ሲያየው ግን መልእክቱ ከቴሌብር ቁጥር ከ127 የመጣ አልነበረም፤ ገዢው ከገዛ ስልኩ ጽፎ የላከው ነው። እኒህ እናት በእንጀራ ሦስት ልጆች ያስተማሩ ብርቱ ሴት ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገበያችን ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አጠቃቀሙን ያስረዳቸው ሰው ግን አልነበረም።

አሁን አለች። በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት እየተማረች ለተግባር ልምምድ የወጣች የሰፈራችን ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያስተማረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዕቃ ከማስረከብዎ በፊት *127# ደውለው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደብተር ወጣ። ጤፉ ስንት ገባ፣ ማስፈጫው፣ መብራቱ፣ የባጃጁ ኪራይ እያለች እየጠየቀች አስጻፈቻቸው። «እማማ፣ የእርስዎ ድካምስ?» ስትላቸው ዝም አሉ። ድምሩ ሲያልቅ ያን ሁሉ ጊዜ እንጀራውን ካስወጣቸው ባነሰ ዋጋ ሲሸጡ እንደኖሩ ታየ። ሰኞ ዕለት ለሁለቱ ደንበኞቻቸው ዋጋ ጨመሩ። አንዱ አኩርፎ ቀረ፤ ሌላው እስከ ዛሬ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በእድራችን አዳራሽ ውስጥ ነው። ድንኳኑ፣ ጎላ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ከሚቀመጡበት ክፍል ግማሹ ተጠርጎ ቅዳሜና እሁድ ለትምህርት ተለቀቀልን። ኮምፒውተሮቻችን አራት ናቸው። የሁለቱ ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ፤ ፊደል በአንድ ጣት እየፈለገ ግማሽ ገጽ የጻፈ ሰው ድካሙ ሁሉ ዓይኑ እያየ ይሄድበታል። ሰው ሲሞት ደግሞ ወንበሩ ወደ ልቅሶ ቤት ይሄዳል። መሄድም አለበት፤ እድሩ የቆመው ለዚህ ነው። ያን ሰሞን ወጣቶቹ ቆመው ይማራሉ፤ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች ግን ከበር ይመለሳሉ። ይህ በጣም ያሳዝነናል።

አስተማሪዎቹ ስምንት ናቸው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ከከተማችን የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለልምምድ የሚወጡ ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወደ ሱቆችና ወደ ሥራ ማኅበራት ይሄዳሉ፣ በሰንበት አዳራሹ ውስጥ ያስተምራሉ። ልምምድ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠንቅቄ አውቃለሁ። እኔ በተማሪነቴ የተላክሁበት መሥሪያ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳኝና ደብዳቤ ሲያስደርሰኝ ከረመ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዤ ወጣሁ፤ ሙያ ግን ጠብ አላለልኝም። እነዚህ ልጆች እንደዚያ እንዲሆኑ አልፈለግንም።

አንዱን ልንገራችሁ። ከተማችን በምትታወቅበት የበግ ጸጉር ሥራ ወደተሰማሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ የኮምፒውተር ተማሪ ላክን። ልጁ ለስጋጃዎቹ የቴሌግራም ቻናል ከፈተ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በስልኩ መብራት ቢያነሳቸው ቡናማውም ጥቁሩም አንድ ዓይነት ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ስጋጃዎቹን ደጅ አውጥቶ በጸሐይ አነሳቸው፤ የጸጉሩ ፈትል አንድ በአንድ ይታይ ጀመር። ከአዲስ አበባ የጻፈ ገዢ «ርዝመቱ ስንት ነው?» አለ። አዛውንቱ «አራት ክንድ ከስንዝር» ብለው መለሱ። ልጁ ሜትር ይዞ መጣ፤ እሳቸውም በክንድ የሚያውቁትን ሁሉ አብረው ለኩ። አሁን በእያንዳንዱ ስጋጃ ጥግ ርዝመቱና ስፋቱ በሜትር የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ይሰፋል። ልጁ ደግሞ የፈትል ውፍረት ዋጋን ምን ያህል እንደሚለውጥ ከአዛውንቱ ተምሯል፤ ይህን የትም ክፍል ውስጥ አያገኘውም ነበር።

ሌላም ብዙ አለ። የንግድ ፈቃድ በኢንተርኔት መታደስ ከጀመረ ወዲህ ባለሱቆች ከፍለው ያስሞላሉ፤ የይለፍ ቃላቸውንም ለማያውቁት ሰው አሳልፈው ይሰጣሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ ማውዝ ሳይነኩ እዚያ የሚደርሱ ልጆች አሉን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና በነጻ ነው፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ግን በምን ይግባ? አዳራሻችን ለእነዚህም ሁሉ በሩን መክፈት ይፈልጋል።

ስለዚህ ወደ እናንተ መጥተናል። የሚያስፈልጉን ያገለገሉም ቢሆኑ የሚሠሩ ስድስት ላፕቶፖች፣ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት የሚያቆየን ባትሪ ከነመለወጫው፣ ወደ ልቅሶ ቤት የማይሄዱ ሠላሳ የፕላስቲክ ወንበሮችና የወር የኢንተርኔት ክፍያ ናቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉ የሚቀድመው የልጆቹ መጓጓዣ ነው። የካቲት ላይ ሁለቱ መምጣት አቆሙ። ምን ሆናችሁ ስንላቸው ለመናገር አፈሩ። በኋላ እንደሰማነው አንደኛዋ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አቅጣጫ በዚያ ብርድ በእግሯ ነበር የምትመላለሰው። ደመወዝ የጠየቀን ማንም የለም። ሰው ሊያስተምር መጥቶ ምሳውን ሳይበላ ሲመለስ ማየት ግን ለእኛ ለታላላቆቻቸው ከባድ ነው። በወር 500 ብር ቃል የሚገባልን ሰው ብናገኝ የአንድ ልጅ መመላለሻ ላይ ትልቅ እገዛ ነው።

በዋሽንግተን፣ በዱባይ፣ በቴል አቪቭና በሌላም አገር ያላችሁ፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ላፕቶፕ ካላችሁ የግል ፋይላችሁን አጥፍታችሁ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ዘመድ ላኩልን። ቻርጀሩን እንዳትረሱት። እዚሁ ከተማ ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜያችሁን ልንለምናችሁ እንወዳለን፤ አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ዱቤ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ኪሳራ እንዴት እንዳለፋችሁት ብትነግሯቸው ልጆቹ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ያገኛሉ።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም ለዚህ ሥራ ብቻ ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ያለ ሊቀ መንበሩ፣ ያለ ገንዘብ ያዡና ያለ ተማሪዎቹ ተወካይ ፊርማ አንድ ብር አይወጣም። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የወሩ ገቢና ወጪም በየወሩ መጨረሻ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችሁ ፎቶ አንስተው ሊልኩላችሁ ይችላሉ። የሒሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ጸሐፊ፣ ወይም በየሰፈሩ ካሉ የእድር ለፋፊዎች ታገኛላችሁ። ስሙ እንዳይጠራ የሚፈልግ ይንገረን፣ እናከብርለታለን።

ቀጣዩ ዙር ጥቅምት 5 ይጀመራል። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ለዚህ ዙርም ተመዝግበዋል፤ የሚመጡት ግን ደብተራቸውን ይዘው ከአስተማሪዋ ጎን ለመቀመጥ ነው። እስከ መስከረም 25 የደረሰን ገንዘብና ዕቃ ሁሉ ለዚህ ዙር ይውላል። አዳራሹን አይቶ መወሰን የሚፈልግም ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው።