ለሚጣ ሰርግ እጣን ልኬያለሁ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብሩ ደረሰሽ አይደል? ግማሹ ለሚጣ ሰርግ፣ ግማሹ ላንቺ ጉልበት ማሳከሚያ ነው። አደራ፣ ሁሉንም ለድንኳንና ለበሬ እንዳታውዪው።

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። ስልኬ ተበላሽቶ ነው። እጄንም ትንሽ የፈላ ውሃ ነክቶኝ ነበር፤ አሁን ድኗል፣ አታስቢ። ወንድሜ «ብር ስትይዝ ረሳችን» አለ ሲሉኝ ግን አንጀቴ አረረ። እንደሱ አይበል።

«ያለሽበት ከተማ ምን ይመስላል?» ብለሽኝ ነበር። እስካሁን ብዙም አልወጣሁም ነበር። ባለፈው ዓርብ እረፍት ሰጡኝና ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር የኦማንን ዋና ከተማ ሙስካትን ዞርናት። ከተማዋ ዛፍ በሌለው ተራራና በባሕር መሃል ተዘርግታለች፤ ቤቱ ሁሉ ነጭ ነው። አሮጌው ሙስካት ውስጥ የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት አለ፣ ሰማያዊና ወርቃማ። ግራና ቀኙን ፖርቱጋሎች የሠሯቸው ጃላሊና ሚራኒ የሚባሉ ምሽጎች ቋጥኝ ላይ ቆመዋል። ትልቁን የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ ከመኪና ሆኜ ነው ያየሁት። ዓርብ ጎብኚ አያስገቡም። የውስጡን ምንጣፍ 600 ሴቶች 4 ዓመት ፈጅተው ሠሩት አሉኝ። እንዝርትሽ ዓይኔ ላይ መጣ። ይሄኔ የሚጣን ቀሚስ ጥጥ እየፈተልሽ ነው።

መጥራህ ገበያ ስንገባ ግን አልቻልኩም። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከሰል ላይ አንዲት ፍሬ እጣን ጣል አደረገ። አረንጓዴ ቢጤ ነው፣ ከደቡብ ከዶፋር የሚመጣ። ሉባን ይሉታል። ጭሱ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንቺ ቡና ትቀጃለሽ፣ ሚጣ ፈንዲሻ ታቀርባለች፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ሽማግሌው ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ ሌላ ፍሬ ጨመረልኝ።

ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። የጎንደሯ ልጅ ወር ሳይሞላ አገር ቤት ትገባለች፤ ታደርስልሻለች።

ሚጣን «ሚዜሽ እሆናለሁ» ብያት ነበር። ኮንትራቴ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። እኔን ብላችሁ ቀኑን እንዳትገፉት። ግን ሚዜዋ ማን ሆነች? ሹሩባ ትሠራ፣ ሹሩባ ያምርባታል። ጠዋት ሙሽራው ሳይደርስ እጣኑን አጭሺላት፣ እኔ ነኝ የላክሁት በያት። ሐኪሙ ስለ ጉልበትሽ ያለሽንም ሳትደብቂ ንገሪኝ።

ልጅሽ