ለአሌክሳንድሪያ የሥነ ሕንፃ ግምገማ ቦርድ፦ የኦልድ ታውንን ጡብ ከሲሚንቶ አድኑልን

ይድረስ ለክቡራን የቦርዱ አባላት፣
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

በፖቶማክ ወንዝ ዳር ተደጋግፈው የቆሙት የኦልድ ታውን ጡብ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሰፈር ናቸው። የመስኮቱና የበሩ ጉዳይ በወጉ ይታያል። እኛ የምንጽፍላችሁ ግን በጡብና በጡብ መካከል ስላለችው ቀጭን መስመር ነው፤ ቤቶቹን እየጎዳ ያለው እሷን በሲሚንቶ መድፈን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1752 የከተማዋ ባለአደራዎች ቤት ሁሉ በመንገዱ መስመር ላይ እንዲሠራ፣ ከማዕዘን ቤት በቀር የጣሪያው ሦስት ማዕዘን ጎን ወደ መንገድ እንዳይዞር አዘዙ። ስለዚህ ዝናቡ የሚወርደው በፊትና በጓሮ በኩል ነው። አሸንዳው ከተቀደደ የፊቱ ግድግዳ ይርሳል፤ ከእግረኛው መንገድ የሚፈናጠረውም ግርጌውን ይመታል። ወደ ወንዙ የተጠጉት ቤቶች ደግሞ የቆሙት በአፈር ተሞልቶ መሬት በሆነ የወንዙ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2018 በቁፋሮ የወጡት የመርከብ ቅሪቶች ለዚያ ሙሌት ያገለገሉ ናቸው። እርጥበቱ ከታችም ይመጣል ማለት ነው።

ግድግዳው ይህን ውሃ የሚያስወጣው በኖራው መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው በጠንካራ ሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው በጡቡ በኩል ይወጣል። ያ ጡብ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ለስላሳ ጡብ ነው፤ ክረምት ላይ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ፊቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። የተላጠ ጡብ አይመለስም። ከዚህ የሚብሰው የጋራው ግድግዳ ነው፤ የሁለቱም ጎረቤቶች የወለል አግዳሚ ጫፍ የተቀበረው እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ እርጥበቱ ሲታፈን የአንዱ ቤት ጥገና የሌላውን እንጨት ያበሰብሳል።

አሮጌው መጋጠሚያ በመሮና በመዶሻ ይውጣ። ሩብ ኢንች በምትሆን መስመር ውስጥ ግራይንደር የጡቡን ጠርዝ ይበላል። ጥልቀቱ የመስመሩን ስፋት ከ2 እስከ 2 ተኩል እጥፍ ይሁን። ድብልቁ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ነው፤ በጣም ለዝናብ በተጋለጠ ቦታ 1 ሲሚንቶ፣ 2 ኖራ፣ 9 አሸዋ ይበቃል። በከረጢት ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ኤስ የተባለው ጠንካራ የሲሚንቶ ድብልቅ ዓይነት ለዚህ ጡብ ፈጽሞ አይሆንም፤ ኤን የሚባለውም ይከብደዋል። ጡቡ አስቀድሞ ይርጠብ፤ ሙሌቱ በሩብ ኢንች ንብርብር ይግባ፤ አንዱ የአውራ ጣት ጫና ሲችል ቀጣዩ ይከተል። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ለቀናት ማቆየት ነው፤ ኖራ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሥራው አይጀመር። ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የሚቀባው ኬሚካልም ያለውን እርጥበት ውስጥ ስለሚዘጋ ይቅር።

ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የግድግዳ ጥገና ፈቃድ ሲሰጥ፣ ግንበኛው አስቀድሞ በማይታይ ጎን 3 ጫማ በ3 ጫማ የሚሆን ናሙና ሠርቶ፣ ደርቆ ቀለሙና ጥንካሬው ከአሮጌው ጋር ይመዘን። ሁለተኛው፣ ይህ መመሪያ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛም ይውጣ። በከተማችን አማርኛ ተናጋሪው ብዙ ነው፤ ድብልቁን በእጁ የሚያነሳው ግንበኛ በሚያነበው ቋንቋ፣ ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ተያይዞ ይድረሰው።

ከአክብሮት ጋር