ውሃ ስጠብቅ ያደርኩበት ሌሊት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ምክንያቱን ሳልደብቅ ልንገርህ። የእናትህን ማረፍ የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ያን ቀን ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ስንት ቀን ያጎረሱኝን እጅ እያሰብኩ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ሐፍረቱ ራሱ አፌን ያዘው። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፣ አንተንም ያጽናህ። ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ ደራሽ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ውሃ ነው።

ላስ ቬጋስ ከገባሁ ጀምሮ የምሠራው መዋኛ ገንዳ እንደሆነ ታውቃለህ። መጀመሪያ ፌሮ አሳሪ ነበርኩ። ቀጥሎ ቧንቧ፣ ቀጥሎ ልስን። አሁን ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ንድፉን የማወጣው እኔ ነኝ። ሰው ጓሮውን ያሳየኛል። ገንዳው የት እንደሚያርፍ፣ ምን ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ዙሪያው ምን እንደሚተከል እኔ እስላለሁ። በዚህ ክረምት አንድ የሀበሻ ቤተሰብ ቤት የሠራሁት ገንዳ ነው እንግዲህ አንተን ያመጣብኝ።

ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። የሚስትየዋ እናት ከአገር ቤት መጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ አሳዩኝ። የሐይቅ ቅርጽ ያለው ገንዳ፣ ከላዩ ፏፏቴ፣ ዙሪያውን ሰው ሠራሽ ቋጥኝና ዘንባባ። እንዲህ ያለውን እዚህ ሰው በጣም ይወደዋል። በረሃ መሀል ሆኖ ደሴት ላይ ያለ እንዲመስለው ነው። ፎቶው ያምራል። ግን የሌላ ሰው ጓሮ ነው።

እኔ ዓይኔ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። እናትየው ከጓሮ በር አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ጎትተዋል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ሦስት ጊዜ ተነስተው ወንበራቸውን አንቀሳቀሱ። የቤቱ ጥላ በሸሸ ቁጥር ይከተሉታል። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው አለቀ። ወንበሩን ከግድግዳው አስጠግተው ገቡና በሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ጓሮው ባዶውን ነው።

ንድፉን ከዚያ ወንበር ጀመርኩ።

የዚህን አገር ፀሐይ በቃል ማስረዳት ይከብዳል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በጁላይ 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ገብቶ የከተማዋ ክብረ ወሰን ሆነ። ዝናብ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዘጠኝ አሥረኛው የከተማው ውሃ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፣ በሁቨር ግድብ ከተያዘው ሚድ ሐይቅ። በ2022 ሐይቁ በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ዝቅታ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ያለችበት የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አዲስ ለሚሠራ የመኖሪያ ቤት ገንዳ ልክ አወጣ፤ የውሃው ገጽ ከ600 ካሬ ጫማ፣ ማለት ከ56 ካሬ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ። ብዙ ባለሙያ ተቆጣ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እዚህ ክዳን የሌለው ገንዳ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ወደ ሰማይ ይሄድበታል። ፏፏቴና ጠርዙን አልፎ የሚፈስ ውሃ ካለበት ደግሞ ይብሳል፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ ይተናል።

ስለዚህ ፏፏቴውን አስቀረሁት። ገንዳውን ቀጥ ያለ፣ ሞላላ አራት ማዕዘን አደረግኩት። 4.5 ሜትር በ9 ሜትር፣ ወደ 57 ሺህ ሊትር የሚይዝ። በምዕራቡ ጎን ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሰፊ መደብ አወጣሁ፣ ውሃው ከላዩ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ። ከመደቡ ኋላ የድንጋይ መቀመጫ፣ ከመቀመጫው ኋላ ዛፍ። ከሰዓት ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር የዛፉ ጥላ የሚወድቀው መደቡ ላይ ነው። እናትየው መዋኘት አይፈልጉም። እግራቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ልጆቹን ማየት ነው የሚፈልጉት።

ዛፉ ላይ ብዙ ተከራከርን። ሚስትየዋ ወይራ አለች። እናቷ ጋኑን በወይራ ሲያጥኑ ያደገች ናትና ገባኝ። እዚህ ግን የአበባው ብናኝ ሰው ስለሚያስቸግር ተራውን ወይራ መትከል ክልክል ነው። ስዋን ሂል የሚሉት ፍሬ የማይሰጥ ዝርያ ይፈቀዳል፣ እሱን ተከልንላት። ከግንቡ ሥር እሬትና የቃጫ ዘመድ የሆነውን አጋቬ ደረደርን። ቡገንቪሊያ ግን እምቢ አልኩ። ግድግዳ ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፣ ነገር ግን ያ ወረቀት የመሰለ አበባው ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ ይረግፋል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል። ቅጠል መቼም አይቀርም። ለዚህ ነው ነፋሱን የማጠናው። በበጋ ነፋሱ እዚህ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ገጹን የሚያጠራውን አፍ በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ አደረግኩት። ነፋሱ ራሱ ቅጠሉን ገፍቶ ያመጣለታል።

ስለ ቅርጽ አንድ ነገር ላጫውትህ። ያ የኩላሊት ቅርጽ ያለው፣ በየፊልሙ የምናየው ገንዳ አለ አይደል? ስሙን ያስጠራው ቶማስ ቸርች የሚባል የአትክልት ስፍራ ነዳፊ ነው፣ በ1948 በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ ውስጥ ለዶኔል ቤተሰብ በሠራው ገንዳ። ቦታው ኮረብታ ነው። ከታች ረግረግ ይታያል፣ ውሃው እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ቸርች ገንዳውን ያጠማዘዘው ያን አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ኩላሊቱን ወሰደ። ረግረጉ ግን ቸርች ዘንድ ቀረ። በየሜዳው፣ በየአራት ማዕዘን ጓሮው፣ ምንም የሚመስለው ነገር በሌለበት ተቆፈረ። እኔ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

ቁፋሮው ሁለት ቀን ይፈጃል ብለን አምስት ቀን ወሰደ። እዚህ ካሊቼ የሚሉት ነጭ የኖራ ንጣፍ አለ፣ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ። በኤክስካቫተር ጥርስ አይነካም፣ በመዶሻ መፈርከስ አለበት። ከዚያ ፌሮው ታሰረ፣ ኮንክሪቱ በግፊት ተረጨ። የሚረጨውን መሣሪያ የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ካርል ኤክሊ የሚባል፣ ለሙዚየም የአራዊት ቆዳ እየሞላ የሚያቆም ሰው ነው። ፓተንቱን ያገኘው በ1911 ነው። ተረጭቶ ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮንክሪቱን ውሃ እናጠጣዋለን፣ ጠዋትና ማታ። አባትየው ይህን ለልጆቹ ሰጣቸው። ትንሿ ልጅ ጎማውን ይዛ ባዶ ጉድጓድ ስታጠጣ ብታያት!

ልስኑ ላይ ቀለም መምረጥ ነበረባቸው። የውሃው ቀለም ከልስኑ ነው የሚመጣው። ነጭ ከሆነ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሆናል፣ አሸዋ መሳይ ከሆነ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ጠቆር ካለ እንደ መስታወት ሰማዩን ይመልሳል። ግራጫ መረጡ።

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልምጣ። ልስኑ እንዳለቀ ውሃ ይለቀቃል፣ አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ እስኪሞላ አይቆምም። መሀል ላይ ከቆመ ውሃው የቆመበት ቦታ ላይ መስመር ይቀራል፣ አይለቅም። ድሮ እሠራበት የነበረ ድርጅት ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ሳይመድብ ቀርቶ የአንድ ሽማግሌ ገንዳ እንዲህ ሲበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ያሳዩት ፊት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ እኔ ራሴ አደርኩ። የጎማውን አፍ ልስኑን እንዳይቦረቡር በጨርቅ ጠቅልዬ ጥልቁ ቦታ ላይ አስተኛሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ውሃው ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይወጣል። አንድ ደረጃ ሸፈነ፣ ቆየና ሁለተኛውን ሸፈነ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ላይ ነው ፋሲል መዋኛ የታየኝ።

የጥምቀት ዋዜማ፣ ታቦታቱ አድረው፣ እኛ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ግንቡ ሥር። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ገብቶ ሞልቷል። ጧፉ፣ የካህናቱ ማሕሌት፣ ግንቡን እንደ ጣት የጨበጠው የዛፍ ሥር። ሊነጋ ሲል ያ በውሃው መሀል የቆመው ቤት ጥላው ውሃው ላይ ይታያል። ከዚያ ተባርኮ፣ ሁሉም ዘሎ ገባ። እኔም ዋና ሳልችል ዘለልኩ። 12 ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው አረንጓዴ ጨለማ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ የአንተ እጅ ከሸሚዜ አንገት ላይ። ለቤት አልተናገርክብኝም። እናትህ እርጥብ ልብሴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ እሳት ዳር አስቀመጡኝ።

ለማንም የማልነግረውን ልንገርህ። አንድ ጓሮ ጨርሼ ከመውጣቴ በፊት የአጥሩን በር ሦስት ጊዜ ከፍቼ እለቀዋለሁ። በራሱ ተመልሶ ካልተቀረቀረ አልሄድም። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ከሚሞቱበት ምክንያት አንደኛው መስጠም ነው። ገንዳው ታች ያለው፣ ውሃውን የሚስበው ማስወገጃም አንድ ብቻ አይሁን፣ ተራርቀው ሁለት ይሁኑ እላለሁ። በ2002 የጄምስ ቤከር፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የልጅ ልጅ፣ የ7 ዓመት ሕፃን፣ ማስወገጃው ስቦ ይዟት ሞተች። በ2007 በስሟ ሕግ ወጣ። ባለቤቶቹ አንዳንዴ ይሰለቹኛል። ግድ የለኝም።

አሁን ስለ አንተ። አዘዞ አካባቢ ቦታ ይዘህ የእንግዳ ማረፊያ ልትሠራ እንደሆነ፣ ገንዳም እንደምታስብ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለህ። ሰላሙን ያምጣልህ። ሳትጠይቀኝ ብመክርህ አትቀየመኝ።

እዚህ የምሠራውን እንዳለ እንዳትወስደው። እኛ ከፀሐይ እንሸሻለን፣ አንተ ፀሐይ ማሳደድ አለብህ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውሃው ቀን ካልሞቀ ማንም እግሩን አያስገባም። ዛፉን ከገንዳው አርቀው፣ ልስኑን ጠቆር አድርገው፣ ማታ ማታ ክደነው። ከሁሉ በፊት ግን አፈሩን እይ። ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ገንዳህንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ዋልካውን አውጥተህ በጠጠር ተካው፣ ዙሪያውን ውሃ የሚያስወግድ ቦይ አውጣ። ክረምት ላይ ደግሞ ለጽዳት ብለህ ገንዳውን ባዶ እንዳታደርገው። መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ባዶ ገንዳን እንደ ጀልባ ከታች ወደ ላይ ያነሳዋል። ታቹ ላይ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ እንዲገባ ጠይቅ፣ ርካሽ ነው።

ቅርጹን ከስልክ አትፈልገው። ፋሲል መዋኛ ከአንተ ዘንድ ነው። ድንጋዩ የአገሩ ነው፣ ግንቡ ዝቅ ብሎ ነፋስ ይመልሳል፣ ደረጃው ሰው ውሃው ዳር እንዲቀመጥ ያደርጋል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ውሃውን ከየት እንደሚያመጡ አስቀድመው አውቀው ነው የቆፈሩት።

በነገራችን ላይ፣ ውሃው ሞልቶ በነጋታው እናትየው ነጠላቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን አስገቡ። ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ወንዝ ወንዝ ይላል» አሉኝ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ነበር፣ ጥላው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሲመችህ ወደ መዋኛው ሂድልኝ። ደረጃው ውሃ የሚነካበትን ቦታ በሜትር ለካልኝ፣ የአንዱን ደረጃ ከፍታና ስፋት ብቻ። ሥሩ ግንቡን የጨበጠበትን ጎንም ፎቶ አንሳልኝ፣ ጠዋት ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ። ያን ጊዜ የወጣሁበት ጥግ ነው፣ ታውቀዋለህ። እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን አንሳልኝ።

ወንድምህ
ከላስ ቬጋስ