ማስታወቂያዎቹን እንዳታስቀሪያቸው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የገዛሻቸውን አሮጌ የአሜሪካ የጀግና ኮሚኮች (በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች) ስካን ስታደርጊ ታሪኩን ብቻ ወስደሽ ማስታወቂያውን ልትተዪው እንዳሰብሽ ጽፈሻል። እባክሽ ልጄ፣ አታድርጊው። የያኔው ልጅ ሁለቱን አንድ ላይ ገዝቶ አንድ ላይ ነው ያነበባቸው። ታሪኩ ራሱ በማስታወቂያው ልክ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ በገጹ ግርጌ «ከሁለት ገጽ በኋላ ይቀጥላል» የምትል ጽሑፍ ስታገኚ፣ በመሐል የነበረውን ማስታወቂያ ካወጣሽው ጽሑፏ ትርጉም ታጣለች።

መጀመሪያ አሠራሩን እወቂ። የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ኮሚክ ከሽፋኑ ሌላ 32 ገጽ አለው፤ 8 ወረቀት መሐል ለመሐል ታጥፎ በሁለት ሽቦ ይያያዛል። ታሪኩ ከ20 እስከ 22 ገጽ ይሆናል፤ የቀረው ማስታወቂያ፣ የአንባብያን ደብዳቤና አሳታሚው ለሌሎች ኮሚኮቹ የሚያደርገው ቅስቀሳ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዋጋው ከ12 ሳንቲም ወደ 25 ሲወጣ፣ ታሪኩ ግን ወደ 17 እና 18 ገጽ ወረደ። የሽፋኑ ሦስት ፊቶች፣ ማለት ሁለቱ የውስጥና የኋላው የውጭ፣ ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ ይሸጡ ነበር፤ ወረቀታቸው አንጸባራቂ ስለሆነ ቀለሙ ከውስጡ የጋዜጣ ወረቀት ይልቅ ይደምቃል።

ስካን ከማድረግሽ በፊት የጎደለ ገጽ እንዳለ አጣሪ። በገጹ ላይ የታተመውን ቁጥር አትመኚ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የታሪኩን ገጾች ብቻ ነው። ራስሽ ከማስታወቂያው ጋር ከ1 እስከ 32 ቁጠሪ። በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የታተሙ ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 33 ይሆናሉ፤ 1 ከ32፣ 16 ከ17። ስለዚህ ገጽ 9 እና 10 ተቀዶ ከወጣ ተጣማጆቹ 24 እና 23 ሽቦው ላይ ላልተው ወይም ወድቀው ታገኛቸዋለሽ። መሐለኛውን ወረቀት በተለይ እይው፣ ቶሎ የሚላቀቀው እሱ ነው። አንዱ ወረቀት ከሌሎቹ የነጣ ወይም ጠርዙ ያልገጠመ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ቅጂ ተወስዶ የገባ ሊሆን ይችላል።

የኮሚክ ትልቁ ጠላት መቀስ ነው። በማስታወቂያው ላይ ያለውን የማዘዣ ኩፖን ቆርጦ የላከ ልጅ ከጀርባው ያለውን የታሪክ ሥዕልም አብሮ ቆርጧል። ከ1974 እስከ 1975 ማርቭል የተባለው አሳታሚ በደብዳቤው ገጽ ላይ ተቆርጠው የሚሰበሰቡ ቴምብሮች ያትም ነበር፤ 100 ዓይነት ናቸው። የኅዳር 1974ቱ «ሀልክ» የተባለው ኮሚክ ቁጥር 181፣ ዎልቨሪን የተባለው ጀግና መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ብቅ ያለበት፣ ቁጥር 54 የሆነውን ሻና የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ቴምብር ይዟል። ቴምብሩ ከሌለ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር መጽሔቱ «ጎዶሎ» ተብሎ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። ገዢዎች መጀመሪያ የሚገልጡት ያንን ገጽ ነው፤ አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

አሁን ወደ ማስታወቂያዎቹ። የጡንቻ ልምምድ የሚሸጠው የቻርልስ አትላስ ማስታወቂያ 97 ፓውንድ፣ ማለት 44 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ከሲታ ልጅ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲዋረድና ጡንቻ አብቅሎ ሲመለስ በትንንሽ ሥዕሎች ያሳያል። የሚሸጠው ያለ መሣሪያ አንዱን ጡንቻ በሌላው ላይ እያስገፉ መለማመድን ነው። በነሐሴ 1962 ስፓይደርማን የወጣበትን ባለ 11 ገጽ ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያይተሽ አንብቢው፤ እኩዮቹ የሚያላግጡበት ከሲታው ፒተር ፓርከርና የአትላስ ልጅ ለአንድ ዓይነት አንባቢ የተጻፉ ናቸው።

በነገር ውስጥ አሳልፎ ያሳያል የተባለው የኤክስሬይ መነጽር 1 ዶላር ነበር። በካርቶኑ ቀዳዳ ላይ ስስ የወፍ ላባ ተጣብቋል፤ ብርሃን በላባው ጭረቶች ሲያልፍ ይበታተንና አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል። ሁለቱ ምስሎች የተደራረቡበት ቦታ ስለሚጠቁር ጣትሽን ብታዪ መሐሉ አጥንት ይመስላል። በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም የሚሸጡት 100 የመጫወቻ ወታደሮችም ሲመጡ ስስና ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነበሩ።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ሲ-መንኪስ («የባሕር ጦጣዎች») የተባለው ነው። በሥዕሉ ላይ ዘውድ የደፉ፣ ጅራታም፣ ፈገግተኛ ቤተሰብ አለ፤ የሣለው ጆ ኦርላንዶ የተባለ የታወቀ የኮሚክ ሠዓሊ ነው። በፖስታ የሚደርሰው ደግሞ አርቴሚያ የሚባል ጥቃቅን የጨው ውኃ ሽሪምፕ እንቁላል። ሻጩ ሃሮልድ ቮን ብራውንሃት ዘዴውን በሁለት ፓኬት ሠራው። የመጀመሪያው «ውኃ ማጣሪያ» ይባላል፤ ውስጡ ጨው ብቻ ሳይሆን እንቁላሉም አለ። በማግስቱ ልጁ «እንቁላል» የተባለውን ሁለተኛ ፓኬት ሲጨምር፣ ያደሩት ቀድሞውኑ ተፈልፍለዋል፤ አብሮ የገባው ቀለም አጉልቶ ያሳያቸዋል። ልጁም ዱቄቱ ውኃ በነካበት ቅጽበት ነፍስ የዘራ ይመስለዋል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ በዘውዱ ሥዕል ግን ሕፃን ማታለሉ ነውር ነው እላለሁ።

ማስታወቂያው ዘመን ለመለየትም ይረዳሻል። በአድራሻው ላይ ባለ አምስት አኃዝ ዚፕ ኮድ (የአሜሪካ የፖስታ መለያ ቁጥር) ካለ ከ1963 አጋማሽ በኋላ የታተመ ነው። ከአድራሻው ጎን «ክፍል» (Dept.) ብሎ ፊደልና ቁጥር የሚጠቅስ ምልክት ካየሽ ቢሮ እንዳይመስልሽ፤ ትእዛዙ ከየትኛው መጽሔት እንደመጣ ነጋዴው የሚያውቅበት መለያ ነው። አሳታሚው፣ ወሩና ተራ ቁጥሩ በደቃቅ ፊደል በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ወይም በሽፋኑ ውስጥ አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ወር ግን መጽሔቱ ለገበያ ከወጣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ያለው ወር ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሱፐርማን የጀመረበት የሰኔ 1938ቱ መጽሔት በ1974 ከነማስታወቂያው በትልቅ መጠን እንደገና ታትሟል። የውጭ ሽፋኑን ገንጥለው ውስጡን ዋናው ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። ማስመሪያ ያዢ፦ ዋናው 19.5 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ድጋሚው ወደ 25 በ34 ይጠጋል።

ስካኑን በተመለከተ፣ መስታወት ላይ ደፍተሽ አትጫኚው፤ ያረጀ ወረቀት ሽቦው ላይ ይቀደዳል። ከ90 ዲግሪ በላይ ሳትከፍቺ ከላይ በካሜራ ማንሣት ይሻላል። ቀለሙ የተሠራው በነጠብጣብ ስለሆነ በዝቅተኛ ጥራት ካነሣሽው ማዕበል የሚመስል መስመር ይወጣል፤ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንሥተሽ በኋላ አሳንሺው። ከገጹ ሥር ጥቁር ወረቀት አስገቢ፣ የጀርባው ኅትመት እንዳይታይ። ለፋይሎቹም ከፊት ሽፋን እስከ ኋላ ሽፋን ከ1 እስከ 36 ቁጥር ስጪ፤ ማስታወቂያውም በየቦታው ይግባ። ተጣባቂ ፕላስተር ፈጽሞ አታስነኪው። ሥራው ሲያልቅ ከአሲድ ነጻ ካርቶን ደግፈሽ፣ በፖሊስተር ከረጢት ከተሽ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅና ጨለማ ቦታ አቁመሽ አስቀምጪው።

የሀልኩን የደብዳቤ ገጽ መጀመሪያ አንሥተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ