ለሲያትል አባሎቻችን፦ ጎረቤቶቻችንን እንኳን አደረሳችሁ እንበላቸው

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የስካንዲኔቪያ ትምህርት ክፍል ከተቋቋመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተመሠረተው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። የባልቲክ ጥናት ፕሮግራሙ ደግሞ በ1994 ተጀምሮ በ2024 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 30 ዓመት ደፈነ። ደስ ይላል!

ክፍሉ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ያኔ የሲያትል ባላርድ ሰፈር በኖርዌይና በስዊድን ስደተኞች የተሞላ ነበር። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራሉ። ቋንቋቸው በዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ ወተወቱ፤ የግዛቱ ምክር ቤትም በሕግ አቋቋመላቸው። የቀን ሠራተኛ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲሟገት አስቡት!

የባልቲኩ ግን ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ በ1991 ነፃነታቸውን አስመለሱ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ቋንቋዎቻቸው ሲያትል ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጡ ጀመር። የሦስቱ አገሮች ሕዝብ ቢደመር ወደ 6 ሚሊዮን ነው። ኢስቶንኛ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ስም በ14 መልክ ይረባል። የቅርብ ዘመዱም ፊንላንድኛ እንጂ ጎረቤቱ ላትቪያኛ አይደለም። ለጥቂት ተማሪ ብሎ ይህን ዓመት ከዓመት ማስተማር ትልቅ ጽናት ነው። የማኅበረሰቡ መዋጮም ብዙ አግዟል።

እኛም እዚህ ከተማ ጥቂት አይደለንም። ስለ ልጆቻችን አማርኛ በሚቀጥለው ስብሰባ በደንብ እንነጋገር። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ያላችሁ ይዛችሁት ኑ፤ የሚለውን መስማት እንፈልጋለን።