ወንበርሽ ያለበት መስኮት

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

«የመስኮቱን ነገር አስብበትና ንገረኝ» ብለሽኝ ነበር። ይኸው ሳስብበት ሰነበትኩ። በስልክ ስናወራ ነገሩ ይበታተንብኛል፤ አንቺም ቶሎ ብለሽ «እናንተ እንዳላችሁ» ትያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እህቴ በመጋረጃ ፈንታ ሁሉም መስኮት ላይ ሸተር፣ ማለትም ከውስጥ የሚገጠም እንደ በር የሚከፈት መከለያ፣ ይግባ ባይ ናት። እኔ መኝታ ቤትሽ ላይና ሳሎን ውስጥ የማታ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ብቻ ይግባ እላለሁ። ወንበርሽ ያለበት መስኮት እንዳለ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ስለ መኝታ ቤቱ። ባለፈው ስመጣ በርጩማ ላይ ቆመሽ ከሀዲዱ የወጣውን መጋረጃ ስትመልሺ አገኘሁሽ። አንድ እጅሽ መጋረጃውን ይዟል፣ ሌላው ግድግዳውን። የበርጩማው አንድ እግር የምንጣፉ ጠርዝ ላይ ነበር። ያኔ ምንም አላልኩሽም፤ ግን ልቤ ቀጥ አለች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሸተሩን የፈለግኩት ሁለተኛ በርጩማ ላይ እንዳትወጪ ብዬ ነው።

ሸተር በማጠፊያ ታስሮ እንደ ቁም ሳጥን በር ይከፈታል። ውስጡ አግድም የተደረደሩ ስስ ጣውላዎች አሉ፤ ሉቨር ይሏቸዋል። አንዱን ስታዞሪ ሁሉም አብረው ይዞራሉ። የሚጎተት ገመድ የለውም፤ ልጆቹ አንቺ ጋ ሲያድሩ አንገታቸው ላይ ይጠመጠም ይሆን ብዬም አልሰጋም።

አንዳንዱ ሸተር መሃሉ ላይ ሉቨሮቹን የሚያዞር ቀጭን ዘንግ አለው፣ በአንዳንዱ ደግሞ ዘንጉ ተደብቋል። የተደበቀው ያምራል፣ ለማጽዳትም ይመቻል። ላንቺ ግን ዘንጉ የሚታየውን ነው የምመርጠው። ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ እንደሚሉሽ አውቃለሁ። ዘንጉን በመዳፍሽ ይዘሽ ከፍ ዝቅ ታደርጊዋለሽ፤ በጣት መቆንጠጥ የለበትም።

ሌላው ዓይንሽ ነው። «ቤቱ ጨለመብኝ» ስትይ እኛ አምፖል ስንቀያይር ከረምን። ለካ እውነትሽን ነው። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ እስከ ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን፣ በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። ብሌኑ ይጠባል፣ ሌንሱም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ያው ዓይን ደግሞ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣበት ያጭበረብረዋል። ሳሎን ውስጥ ወደ ማታ ላይ እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ የምታወሪን ለዚህ ነው። መጋረጃውን ስንዘጋው ደግሞ ይጨልምብሻል። ሉቨሩ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅምሽ። ወደ ላይ ስታዞሪው ፀሐዩ ኮርኒሱ ላይ አርፎ ነው ወደ ክፍሉ የሚመለሰው። ብርሃኑ ይገባል፣ ዓይን ግን አይወጋም።

ከሙቀት ያድነኛል ብለሽ ብዙ አትጠብቂ። ፀሐዩ አንዴ መስታወቱን ካለፈ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ለሙቀት ከውጭ የሚገጠም መከለያ ይሻላል።

አሁን ወደ ወንበርሽ። ሉቨሩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ ውጪውን የምታዪው በመስመር በመስመር ተቆራርጦ ነው። ሰፋ ያለውን ሉቨር፣ 89 ሚሊሜትሩን ብንመርጥ መስመሩ ይቀንሳል፣ አይጠፋም። በዚያ ላይ ፍሬሙ ራሱ ከመስኮቱ ዙሪያ ቦታ ይወስዳል። ያቺ መስኮት ደግሞ ጠባብ ናት። በሩን ሳላንኳኳ «መጣህ?» የምትይኝ ከዚያ ሆነሽ ነው። ስሱ መጋረጃ ይበቃታል። እህቴ «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ ቤቱ አያምርም» ትላለች። እሷን እኔ አናግራታለሁ።

ስሙ ለምን «ፕላንቴሽን ሸተር» ተባለ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ባሪያ እያሠሩ ጥጥ ያስመርቱ የነበሩ ሰዎች ትልልቅ ቤቶች ላይ ይገጠም ስለነበር ነው። ስሙን አልወደድኩትም፤ ሸተር እያልኩ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

እኔ ቤት የሆነውንም ልንገርሽ። የለካው ሰው የመስኮቱን መሃል አንዴ ለክቶ ሄደ። መስኮት ግን ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይደለም። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ተለክቶ ጠባቡ ነው የሚያዘው። የኔው ሲመጣ ከታች አልገባም አለ። ሞርደው አስገቡት፣ ከላይ ግን ክፍተት ቀረ። ጠዋት በዚያ ክፍተት የገባው ፀሐይ ልክ ትራሴ ላይ ያርፋል። በልክ የተሠራ ነው ተብሎ አልመልስም አሉኝ። ያንቺን ራሴ ሦስቴ ሳልለካ ማንም አያዝም።

መታጠቢያ ቤቱ ላይም ይግባ ካልሽ የእንጨቱ ይቅር፤ እንፋሎት ያጣምመዋል። እዚያ ፕላስቲኩ ይሁን። አቧራም አለው፤ እያንዳንዱ ሉቨር ላይ ይቀመጣል። እሱን እኔ በመጣሁ ቁጥር እጠርገዋለሁ፤ አንቺ አትነኪውም።

ያልቆረጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የመኝታ ቤትሽ መስኮት ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሸተሩ ከተዘጋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መጀመሪያ ሸተሩን ወደ ጎን አጥፈሽ ግድግዳው ላይ ማስደገፍ አለብሽ። በአልጋሽ በኩል ኮመዲኖው እንዳይዘው እፈራለሁ። ኮመዲኖውን ወደ ሌላው ጎን ብናዞረው ሌሊት ውሃና መብራት የምትፈልጊው በቀኝ እጅሽ ይሁን በግራሽ? ይህን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አይሆንም ካልሽ የመኝታ ቤቱን ሸተር ትተን፣ እጅሽ በሚደርስበት ዘንግ የሚገፋ ቀላል መጋረጃ እንሰቅላለን። ቤቱ ያንቺ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ መጋረጃው ከሀዲዱ ቢወጣም ይውጣ፣ ተንጠልጥሎ ይቆየኝ። በርጩማውን ግን ዛሬውኑ ዕቃ ቤት አስገቢልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ